ግንቡን የከበብን ዕለት

አስተማሪዬን ከእስር ያስፈታኋት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ይህን ታሪክ ለሠላሳ ስድስት ዓመት ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስደሰኩር ኖሬያለሁ። ለባሌ ከመጋባታችን በፊት፣ ለልጆቼ አልጋቸው ላይ፣ ለጥርስ ሐኪሜ ሳይቀር አፌን ከፍቼ እንደተጋደምኩ አውርቼለታለሁ፤ ምን እንደሰማ እሱ ይወቅ። ዛሬ የማወራችሁ ግን ከድሮው ትንሽ ለየት ይላል። ለምን እንደተለየ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

አራተኛ ክፍል ሠላሳ ዘጠኝ ተማሪዎች ነበርን። ሠላሳ ዘጠኝ ለሁለት ሲካፈል አሥራ ዘጠኝ ይደርስና አንድ ይቀራል። የቀረችው አንድ እኔ ነበርኩ። ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሬ ስመጣ ሁሉም ጓደኛውን መርጦ ጨርሷል። ስሜን እንኳ በቅጡ ሳያጣሩ "ቀሪ" አሉኝ፣ እኔም አቤት አልኩ። ምን ላድርግ?

ነገሩን ያከፋው አስተማሪያችን የጥንድ ሕግ የሚባል ነገር ስለነበራት ነው። ከክፍል ስንወጣ እንደ ሌሎቹ አስተማሪዎች ስም እየጠራች "አለህ? አለሽ?" አትልም። "ያለ ሰው መኖሩን ያውቀዋል። ችግሩ የሌለው ነው፤ የሌለ ሰው ደግሞ የለሁም ብሎ አይመልስም" ትል ነበር። ስለዚህ ፊሽካ ሲነፋ እያንዳንዱ የሚመልሰው ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ጥንዱ ነው። "ጥንዴ አለ!" "ጥንዴ አለች!" እየተባለ ይዞራል። አንድ ሰው "የለችም" ካለ ሁሉም ባለበት ቀጥ ይላል፤ የጠፋችው እስክትገኝ ማንም ንቅንቅ አይልም፣ አውቶቡስም አይነሳም። ይህን ሕግ ከማባዛት ሰንጠረዥ በላይ ነበር የምናከብረው።

በነገራችን ላይ "እሷ" እያልኩ ስጠራት ድፍረት እንዳይመስላችሁ። እርስ በርሳችን ስናወራ "እሷ" ነበር የምንላት፤ ፊቷ ስንቆም ግን አንቱ ነች፣ ቲቸር ነች፣ አበቃ።

ወደ ጥንታዊው ግንብ ጉዞ ልንሄድ ዋዜማ ላይ "ጥንድ ጥንዳችሁን ያዙ!" አለች። ሁሉም እጅ ለእጅ ተያያዘ። እኔ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ቆሜ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ፤ ክሩ ታስሮ ነበር፣ ፈትቼ ነው ያሰርኩት። የሆነ እጅ ፊቴ ላይ ተዘረጋ። ጠመኔ የነካው እጅ ነው፣ ጠመኔውን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ።

"እኔም ጥንድ የለኝም" አለች ቲቸር። "ትሆኚኛለሽ?"

አንገቴን ብቻ ነቀነቅኩ።

"እንግዲህ ነገ ከጠፋሁ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ተግባባን?"

ተግባባን ወይ? ወይ ጉድ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ እንጂ። ቤት ገብቼ ለእናቴ "ነገ ቲቸርን ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ" አልኳት። እናቴ "ጎሽ፣ አደራ እንዳትጥያት" ብላ ሳህኑን ማጠቧን ቀጠለች። እሷ ለቀልድ ነው ያለችው፤ እኔ ግን አደራውን ጠበቅ አድርጌ ተቀበልኩ።

በማግስቱ ቲቸር ዘንጣ መጣች። አዲስ ግራጫ ኮት፣ የተሠራ ፀጉር፣ ትከሻዋ ላይ ትልቅ ቦርሳ። ለግንቡ ክብር ብላ የለበሰች መሰለኝ። ቦርሳውን ልያዝልዎት ብላት እምቢ አለች። አብሮን የሚሄደው የስፖርት አስተማሪው ነበር፤ አንገቱ ላይ ፊሽካ የሚያንጠለጥል፣ በብርድም በሙቀትም ቁምጣ የማያወልቅ ሰው። አውቶቡሱ በር ላይ ጠጋ ብሎ "አይዞሽ፣ አርባ ደቂቃ እይዝልሻለሁ። ከአርባ በላይ ግን እነዚህን ሰይጣኖች የፈጠራቸውም አይችላቸው" ሲላት ሰማሁ። ምን እንደሚይዝላት አልገባኝም። ቦርሳውን ይሆናል ብዬ ትንሽ ቀናሁ።

መንገዱ ላይ ምን ያልሆነው አለ? ጥሩምባ የምንለው ልጅ ነበር፤ ሲያንሾካሹክ እንኳ ሦስተኛ ክፍል ድረስ የሚሰማ። እሱ ምሳውን፣ ሁለት እንቁላልና ሙዝ፣ ከግቢው ሳንወጣ ጨርሶ የሰው ምሳ ይለምን ጀመር። አውቶቡሱ ዳገት ላይ ሲያቃስት ሾፌሩ በመስታወት እያየን "ትንፋሻችሁን ሰብስቡ፣ ትቀላላችሁ!" ይለናል፤ ሠላሳ ዘጠኛችንም ጉንጫችንን ነፍተን ዳገቱን ወጣን። እስከ ዛሬ መኪናዬ ዳገት ላይ ስትለግም ትንፋሼን እይዛለሁ። ቲቸር አጠገቤ ተቀምጣ በመስኮት እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። የምትጸልይ መስሎኝ እኔም ዝም ብዬ አሜን አልኩ። ለካስ መልስ እያጠናች ኖሯል።

ግንቡ ከጎማ ቤትና ከፎቶ ቤት ቀጥሎ ድንገት መንገዱ ላይ ተገተረ። አራት ማማ፣ ዙሪያውን የደረቀ ቦይ፣ በሩ ላይ ወንበሩን ፀሐይ እየተከተለ የሚያዞር ሽማግሌ ዘበኛ። አስጎብኚ አልነበረም። ቲቸር ራሷ መራችን፣ ምኑን መራችን፣ አበደችልን! ደረጃ ላይ ወጥታ የግንቡ ጌታ ትሆናለች፤ ወርዳ ከበባ ያደረገው ጦር ትሆናለች። ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ድንጋዩ በምን እንደተያያዘ፣ ወጥ ቤቱ ለምን ከእንጨት መጋዘኑ እንደራቀ ሁሉንም ታውቃለች። "በር የሚሰበረው በጉልበት አይደለም፣ በመተባበር ነው" አለች። "አንድ ግንድ ይይዛሉ፣ በአንድ ቃል ይሮጣሉ። ከተባበሩ በሦስተኛው ምት ይበረገዳል።" ጥሩምባ "ካልተባበሩስ?" ብሎ ጠየቀ። "እርስ በርሳቸው ይረጋገጣሉ።" ሳቅን።

ከሁሉም የያዘን ግን ሰሜን በኩል ያለው ትንሹ ማማ ነው። እስረኛ የሚቀመጥበት እሱ ነበር አለች። "እስረኛው ሲገባ መጀመሪያ ጫማውን ያወልቁታል። ባዶ እግሩን ያለ ሰው በዚህ ጠጠር ላይ ሩቅ አይሮጥም።" ሁላችንም ጫማችንን አየን።

ምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ቲቸር አንድ ጉርሻ አልቀመሰችም፤ ሰዓቷን ታያለች፣ ማማውን ታያለች። ከዚያ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችና "ቀሪዬ፣ እዚሁ ቁጭ በይ፣ መጣሁ" ብላ ተነሳች።

አሁን እናንተ ፍረዱ። ጥንድ ጥንዱን አይለቅም ያለችው ማን ናት? ከጠፋሁ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ ያለችውስ? እንቁላሌን በአንድ ጊዜ ጎርሼ ከኋላዋ ሾለክሁ።

ከግድግዳው ጥግ ተሸጉጬ ያየሁትን በዓይኔ ነው ያየሁት። ዘበኛው የቁልፍ ጥቅል ይዞ ትንሹ ማማ በር ላይ ቆሟል። ቲቸር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ጫማዋን አወለቀች! ዘበኛው ተቀብሎ ብብቱ ሥር ሸጎጠው። ከዚያ የማማው በር ተከፈተ፣ ቲቸር ኮቷን አስተካክላ ገባች፣ በሩ ተዘጋ፣ ቁልፉም ሁለቴ ዞረ። ዘበኛው ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ጫማዋን ጭኑ ላይ አኖረ።

አሠሯት! አልኩ።

ያላየሁትን ደግሞ ልንገራችሁ። አቧራ የጠጣውን ጫማ አውልቃ ከቦርሳዋ ያወጣችውን ተረከዝ ያለው ጫማ ስትጫማ የዘበኛው ጀርባ ከልሎኛል። በሩ የተቆለፈው መዝጊያው ተበላሽቶ ነፋስ በመጣ ቁጥር ስለሚበረግደው ነው። ማማው እስር ቤት መሆኑ ከቀረ ስድስት መቶ ዓመት ሆኖታል፤ ያኔ የግንቡ አስተዳደር ቢሮ ነበር። ቲቸር የገባችው ለሥራ ፈተና ነው።

ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነበር ያጠናችው። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ የዚያ ግንብ አስጎብኚ መሆን። ቦታው አንድ ነው፣ ሰው ካልሞተ ወይም ጡረታ ካልወጣ አይለቀቅም። ሁለት ጊዜ አመልክታ ሁለት ጊዜ ቀርታለች። ያን ዓመት ሦስተኛዋ ነበር። ርእሰ መምህሩ የግማሽ ቀን ፈቃድ ስትጠይቀው "ክፍሉን ለማን ጥለሽ?" አላት። እሷ ደግሞ ክፍሉን ለማንም አልጣለችም፣ ክፍሉን ጠቅልላ ይዛው ሄደች። ሠላሳ ዘጠኝ ልጅ አስከትሎ ሥራ ሊፈተን የሄደ ሌላ ሰው ካያችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

እኔ ግን ይህን በምን ልወቅ? በማማው ጎን ዞሬ ድሮ ቀስት ይወረወርባት በነበረችው ቀጭን ቀዳዳ ጆሮዬን ለጠፍኩ።

"ከገባሽ በኋላ በዓመት የምትወጪው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ ታውቂያለሽ?" አለ አንድ ወፍራም ድምፅ።

"አውቃለሁ" አለች ቲቸር።

"ክረምት ከበጋ እዚሁ ነሽ። ብርዱም ቀላል አይደለም።"

"ብርድ አልፈራም።"

ጀግና! ደግሞ "አንቺ" ነው የሚላት፣ ባለጌ። እኛ እንኳ አንቱ የምንላትን ቲቸር! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

"ተማሪዎችሽስ? መሄድሽን ያውቃሉ?" አለች አንዲት ሴት።

"አያውቁም" አለች ቲቸር፣ ድምፅዋ አነሰ። "እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ገና አላወቅኩበትም።"

ሰውዬው የሚያወራው ስለ ዓመት ፈቃድ ነበር። እኔ የሰማሁት ፍርድ ነው። እግሬ አውጪኝ ብዬ ወደ ግቢው በረርኩ።

ግቢው ውስጥ የስፖርት አስተማሪው በብርቱካን እግር ኳስ እያጫወተ ነበር፤ ሦስተኛው ብርቱካን ፈርጦ አራተኛውን እየፈለጉ። ተንደርድሬ ሄጄ ፊሽካውን ከነገመዱ ስቤ ነፋሁት። አንገቱም አብሮ መጣ። ሕግ ሕግ ነውና ሁሉም ቀጥ ብሎ ቆመ። "ጥንዴ አለ! ጥንዴ አለች!" እያለ ዞረ ዞረና እኔ ጋ ደረሰ።

"ጥንዴ የለችም!" ብዬ ጮህኩ። "ቲቸርን አሥረዋታል! ጫማዋን አውልቀዋታል! በዓመት ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የሚያወጧት!"

የስፖርት አስተማሪው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። "አለች፣ አለች፣ እኔ አውቃለሁ" አለ። "ትንሽ ጉዳይ ይዛ ነው፣ አሁን ትመጣለች። አንቺ ልጅ ደግሞ..."

"የት ናት ታዲያ?" አለ ጥሩምባ።

"እዚሁ ናት አልኩ እኮ!"

"እዚሁ የት?"

ዓይኑን ወደ ማማው ወርወር አደረገና ቶሎ መለሰ። ሠላሳ ዘጠኛችንም አየነው። ምስኪን፣ ሚስጥሯን ላለማውጣት ነበር፤ ለእኛ ግን ከጠላት ጋር የዋለ ከሃዲ ሆነ። ጥሩምባ ዛፍ ሥር ወደተጋደመው ረጅም የእንጨት አግዳሚ ወንበር ጣቱን ቀሰረ። "ግንድ!" ብሎ ጮኸ።

የቀረውን ነገር ለሺህ ጊዜ አውርቼዋለሁ፣ አሁንም ስነግራችሁ ደሜ ይሞቃል። ወንበሩን በግራ አሥር፣ በቀኝ አሥር ሆነን አነሳነው። የቀሩት ከኋላ ይጮሃሉ። የስፖርት አስተማሪው "ቁሙ! ቁሙ!" እያለ ፊሽካውን ሊነፋ አፉ ውስጥ ሲያስገባ የብርቱካን ልጣጭ አዳለጠውና ተዘረጋ። ዘበኛው ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ እኛን አየ፣ ወንበሩን አየ፣ ተነሳ፣ የቲቸርን ጫማ ደረቱ ላይ ታቅፎ ወደ ቦዩ ሮጠ። ሽማግሌ እንደዚያ ሲሮጥ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

"አንድ!" አለ ጥሩምባ። ጓ! ከበሩ አቧራ ዘነበ።

"ሁለት!" ጓ! ከውስጥ ሴትዮዋ ጮኸች።

"ሦስት!"

ቲቸር እውነቷን ነበር። በሦስተኛው ምት የበሰበሰው መቃን ከነማጠፊያው ተገነጠለና በሩ ወደ ውስጥ ተዘረረ። ሃያ ልጅ ከነወንበሩ ከላዩ ላይ ተከመረ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ማሰሮ ተገልብጦ ውሃው በወረቀቶቹ ላይ ፈሰሰ። አቧራው ሲገለጥ ሦስት ሰዎች ግድግዳ ላይ ተለጥፈው አየን፤ መነጽር ያደረገ ራሰ በራ ሰውዬ፣ መሀረቧን አፏ ላይ የያዘች ሴትዮ፣ ሌላ ደብተሩን እንደ ጋሻ የያዘ ቀጭን ሰው። ከፊት ለፊታቸው ቲቸር ቆማለች፤ አፏ ተከፍቷል፣ እጇ ላይ እስክሪብቶ አለ።

በልጆቹ ላይ ተረማምጄ ሄድኩና እጇን ያዝኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ የዚያን ዕለት ሁለቱንም ነበርኩ።

"ያለሷ አውቶቡሱ አይነሳም!" አልኳቸው። "ሕግ ነው!"

ራሰ በራው መነጽሩን አውልቆ ውሃውን አራገፈ። "ወይዘሪት፣ እነዚህ እነማን ናቸው?"

"ተማሪዎቼ ናቸው" አለች ቲቸር።

"ይቺስ?"

"ጥንዴ ናት።"

ሴትዮዋ መሀረቧ ውስጥ ሳቀች። ራሰ በራው አልሳቀም፣ ግን አልተቆጣም። "ያልነውን ብለናል" አለ። "እንደ አንቺ ያለ ሰው አግኝተን አናውቅም፣ ቦታው ያንቺ ነው። በሩን ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን። ሰኞ ትጀምሪያለሽ?"

ሰኞ! እርስ በርስ ተያየን። ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሷ ነበር።

ቲቸር ዞራ አየችን። ከወንበሩ ሥር እየተሳበ የሚወጣውን ጥሩምባን አየችው። በሩ ላይ የተኮለኮሉትን አየች፤ አንዷ ትንሽ ልጅ ምንም ሳይገባት "ቲቸር አትሂዱ" እያለች ታለቅሳለች። ከዚያ የያዝኳትን እጅ አየች።

"ሰኞ አልችልም" አለች። "ትምህርት ቤት እስኪዘጋ አራት ወር ይስጡኝ።"

"አራት ወር ሙሉ ቦታው ባዶ ሊሆን አይችልም። ከአንቺ ቀጥሎ ያለው ሰው ዛሬ ቢጠራ ዛሬ ይመጣል።"

እስክሪብቶውን ረጠብ ካለው ወረቀት ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

"እንግዲያው እሱን ጥሩት" አለች።

ሌላ ምስኪን በሷ ፈንታ ሊታሰር መሆኑ ገባኝ። እውነቱን ለመናገር ቅንጣት አላዘንኩለትም። እልልታችን ማማውን ሊያፈርሰው ደረሰ፣ ጥሩምባ ብቻውን የአሥር ሰው ይጮህ ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ ስንዘፍን መጣን። ሾፌሩ ከግንቡ በር ላይ እንቅልፉን ሲለጥጥ ስለዋለ ምንም አላየም፤ "ማን አሸነፈ?" ሲል "እኛ!" አልነው። እኔ ቲቸር አጠገብ ነኝ። እጄን ያዘችኝ፣ አያያዟ ደግሞ ኧረ! አጥንቴ እስኪሰማኝ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እንባዋን ትጠርጋለች። የደስታ እንባ ነው አልኩ። ሰው ሲፈታ ያለቅሳል አይደል? ደስታዬ ከአቅሜ በላይ ሆኖ ትከሻዋ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሰኞ ትምህርት ቤት ስገባ አሥራ አንድ ልጅ ጥንዴ ሁኚ ብሎ ተሰለፈ። ቀሪ የሚለውን ስም ከዚያ ቀን በኋላ የጠራኝ የለም።

ባለፈው ዓመት ነው ጡረታ የወጡት፤ እንግዲህ የዛሬዋን ቲቸር አንቱ ልበላቸው። ትምህርት ቤቱ መሸኛ አዘጋጀና ከድሮ ተማሪዎች አንድ ሰው ይናገር ሲባል ዘልዬ ወጣሁ። ከነድምፁ፣ ከነጓታው ተረክሁት። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ቲቸርም ሳቁ፣ አጨበጨቡም። ከፊት ወንበር ላይ በከዘራ ተደግፎ የተቀመጠው የስፖርት አስተማሪው ብቻ አልሳቀም። ስወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

"እስካሁን አልነገረችሽም እንዴ?" አለኝ።

"ምኑን?"

ነገረኝ። በእጄ የያዝኩትን የኬክ ሳህን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። የቤት ጫማ አድርገው ሬዲዮ ፈታተው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ነበር። ሳልቀመጥ "ቲቸር፣ ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"ያ ቁምጣ አፉን ከፈተው?" አሉ። "ምን ብዬ ልንገርሽ? በየደረስሽበት እንደዚያ ደስ እያለሽ ስታወሪው?"

"ሕይወትዎን አበላሸሁት እኮ!"

"ኧረ ተይ፣ ራስሽን አታግዝፊ። አልችልም ያልኩት እኔ ነኝ፤ አፍ አልነበረኝም?" ብሎኑን አጠበቁ። "ግን ተናድጄብሽ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ አውቶቡስ ውስጥ እጅሽን እንደዚያ ጨምድጄ የያዝኩት እንዳልቆነጥጥሽ ነው።"

"እኔ እኮ እየወደዱኝ መስሎኝ!"

"ልወድሽ? ባገኝ በመስኮት እወረውርሽ ነበር! ደግሞ ይባስ ብለሽ ትከሻዬ ላይ ተኛሽና ለሃጭሽን አዝረበረብሽብኝ። አዲሱ ኮቴ ላይ! ለፈተናው ብዬ የገዛሁት ኮት!" ትክ ብለው አዩኝና ሳቅ አፈናቸው። "ለሃጩን እያየሁ ቆየሁ፣ ቆየሁ... ከዚያ በለሃጭ በተለወሰ ሰው ላይ እንዴት ይናደዱበታል? አቃተኝ።"

እኔ አለቀስኩ፣ እሳቸው ሳቁ፤ ከዚያ ተለዋወጥን።

"ተጸጽተው ያውቃሉ?" አልኳቸው አፍንጫዬን እየጠረግሁ።

"እንዴታ! በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት አንድ ሳምንት እጸጸት ነበር። ከዚያ ልጆቹ ይመጡና ጊዜ አጣለሁ።" ሬዲዮኑን ከደኑት። "ግንቡን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልረገጥኩትም። ክፍሌ ለጉዞ ሲሄድ ቁምጣውን ነበር የምልከው። በእኔ ፈንታ የተቀጠረው ሰውዬ፣ በአፍንጫው ነው የሚያወራው አሉ፣ ሲያስጎበኝ ቆሜ መስማት አልችልም። ቅናት ነው፣ ምን ይደረግ።"

"ይነሱ" አልኳቸው።

"ወዴት?"

"ይነሱ አልኩ፣ ጫማዎን ያድርጉ።"

እምቢ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፣ ግን እጃቸው ነጠላ ጫማቸውን ማውለቅ ጀምሮ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ግቢው በጎብኚ ተሞልቷል። የጎማ ቤቱ ቦታ ባንክ ሆኗል። በሩ ላይ ትንሽ ቆም አሉና ገቡ። መጀመሪያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለእኔ ብቻ ነበር የሚነግሩኝ፤ ይህ ቀዳዳ ምን እንደሆነ፣ ያ ድንጋይ ለምን ከሌላው እንደሚለይ። ሁለት ወጣቶች ፎቶ ማንሳታቸውን ትተው ጆሯቸውን አቆሙ። ከዚያ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ጠጋ አሉ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ። ቲቸር ዞር ብለው ሲያዩ ሰው ከቧቸዋል። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉት።

ኧረ ያን ማየት ነበር! በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ደረጃው ላይ ወጥተው ጌታው ሆኑ፣ ወርደው ከበባ ያደረገው ጦር ሆኑ። ልጆቹ እናታቸውን ለቀው ከፊት ተሰለፉ። የመጀመሪያው ማማ ጋ ስንደርስ ቆጠርኩ፣ ሃያ ሦስት ሰው ነበርን። እኔ ከኋላ ሆኜ መንገድ አስለቅቃለሁ፣ "ጠጋ በሉ፣ ለትንንሾቹ እንዲታይ" እላለሁ።

ደረጃው ሥር አረፍ እንዳሉ አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ ቀረበቻቸው። "ደስ ሲሉ!" አለቻቸው። "እንደዚህ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። እዚህ ሥራ ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆነዎት?"

ቲቸር እኔን አላዩኝም። ቀና አሉ፣ ኮታቸውን ሳብ አደረጉ፤ ፊታቸው እንደ ልጅ በርቷል።

"ዛሬ ጀመርኩ" አሏትና ወደ ሁለተኛው ማማ መሩን።